አማትና ምራት የተከባበሩበት ሽንት ቤት

ባታሲያ ፊሽካዋን ከአንገቷ የምታወጣው ገላዋን ስትታጠብ ብቻ ነው። ባሏ ሶጋራት፣ «ተኝተሽ ትንፋሽሽ ሲገባበት ያፏጫል፤ እኔም ከሕልሜ ብንን ብዬ ምን አጠፋሁ እላለሁ» እያለ ያማርራታል። እሷ መች ሰምታው! ፊሽካው የግል ጌጧ አይደለም፤ የሱጋፖኸሪ ሴቶች የንጋት ጓድ ፊሽካ ነው፤ የጓዱ መሪ ደግሞ እሷ ናት። ጎህ ሲቀድ ሳሪዋን ጠበቅ አድርጋ፣ ባትሪዋን ይዛ፣ ሴቶቹን አስከትላ በሸንኮራ አገዳው እርሻና በኩሬው ዳር ትዞራለች። ወገቡን ሊሞክር ሜዳ የወጣ ሰው ካየች ትነፋዋለች። የባታሲያ ፊሽካ ሲነፋ እንኳን የተቀመጠ ሰው፣ ኩሬ ውስጥ ያለ ዓሣ ይበረግጋል ይባላል።

ድሮ እንዲህ አልነበረችም። ከጃናክፑር ከተማ በስተደቡብ፣ የአገሩ ድንበር አጠገብ ወዳለችው ወደ ሱጋፖኸሪ በሙሽርነት የመጣች ጊዜ ድምጿን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ፊቷን በሳሪዋ ጫፍ እስከ አገጯ ሸፍና፣ መሬት መሬት እያየች ዓመታት ኖረች። «የባሌን አባት የማውቃቸው በተረከዛቸው ነው» ትላለች ስታወራ። «የሞቱ ለት እንኳ ፊታቸውን ገልጠው ሲያሳዩኝ፣ ማናቸው እኚህ ሰውዬ ብዬ ነበር፤ እግራቸውን ሳይ ነው ለቅሶዬ የመጣው።»

ያን ጊዜ የሰፈሩ ምራቶች አፋቸውን የሚከፍቱበት አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ ሜዳው። ወንዶቹ ሳይነሱ፣ እያንዳንዷ የነሐስ ጣሳዋን ውኃ ሞልታ፣ ተጠራርተው ይወጣሉ። እዚያ የማይታማ አማት፣ የማይፈታ ምስጢር አልነበረም። ማን እንዳረገዘች ከባሏ በፊት የሚያውቀው ሜዳው ነው። ባታሲያ ዛሬም ቢሆን ያን ጨዋታ አትጠላውም። የጠላችው ክረምቱን ነው። ውኃው እርሻውን ሁሉ ሲሞላው ለአንዲት ደረቅ መሬት ሰውና እባብ ይሽቀዳደማሉ። ቀን ሆድ ቢቆርጥ እስኪመሽ ጥርስ ነክሶ መቻል ነው። ሁለተኛ ልጇን በተቅማጥ ያጣችውም እንዲህ ባለ ክረምት ነው። ስለሱ ብዙ አታወራም። ብቻ አንድ ጊዜ ከማዘጋጃ ቤት የመጡ ሰዎች በሾላው ዛፍ ሥር ሰብስበዋቸው፣ ዝንብ ከሜዳው ተነሥታ ምን ላይ እንደምታርፍ ሲያስረዱ፣ ሌላው ሰው በሳቅ ሲፈርስ ባታሲያ ብቻ ዝም አለች። በነጋታው ሄዳ ፊሽካውን ተቀበለች።

እንግዲህ የዚህ ታሪክ ጣጣ የመጣው ከቧንቧ ነው። በሱጋፖኸሪ የእጅ ፓምፕ አለ፤ ውኃው ግን ዝገት ዝገት የሚል፣ ነጩን ሩዝ ወጥ የፈሰሰበት የሚያስመስል ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ትልቅ የውኃ ታንከር ከፍ ባለ ምሰሶ ላይ ከሠራ በኋላ፣ «ሜዳ የሚወጣ ሰው የሌለበት ቀበሌ ነው ተብሎ የታወጀ ቀበሌ ቧንቧው ቀድሞ ይዘረጋለታል» አለ። መርማሪ መጥቶ አንድ ሰው እንኳ ሜዳ ላይ ቢያገኝ ግን ተራው ለሌላ ቀበሌ ያልፋል፤ ከዚያ በኋላ እንግዲህ የሚቀጥለውን በጀት መጠበቅ ነው። በጀት የሚባለው ነገር ደግሞ እንደ ሙሽራ አጎት ነው፤ ይመጣል ይመጣል ይባላል እንጂ ድግሱ ካለቀ በኋላ ነው የሚደርሰው። ባታሲያ ቧንቧውን አጥብቃ ትፈልገዋለች። በሯ ላይ ቆማ፣ ከፍታ፣ ነጭ ውኃ ሲወርድ ማየት ትፈልጋለች።

ሽንት ቤት በየቤቱ ተሠራ። በባታሲያ ቤት የተሠራው ማሌዥያ ያለው ልጇ ዲፓን በላከው ገንዘብ ነው። ጉድጓዱን ሶጋራት ራሱ ቆፈረ፤ ነጭ መቀመጫ ከከተማ በብስክሌት አስጭኖ አመጣ። ባታሲያ ደግሞ ግድግዳውን በጭቃ ለቅልቃ፣ የቤት ግድግዳ እንደሚያምርበት አድርጋ ዓሣና በቀቀን ሣለችበት። የምረቃው ዕለት መጀመሪያ ገብታ የወጣችው እሷ ናት። ከዚያ ወዲያ ማን ገባ፣ ማን ወጣ ብሎ የጠየቀ የለም። የጓዱ መሪ የሰው ቤት ሽንት ቤት ትቆጥራለች እንጂ የራሷን ምን ብላ ትቆጥራለች?

በቤቱ የሚኖሩት ሦስት ናቸው፤ ባታሲያ፣ ሶጋራትና የዲፓን ሚስት ሱናይና። ሶጋራት የኩሬ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ሰፊ ትከሻ፣ ጠባብ ግንባር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው ሆኖ፣ ከአባቱ የወረሰውን ወግ አንዲት ክር ሳያጎድል ይዟል። በወጉ መሠረት የባል አባትና ምራት አይነጋገሩም። እሷ የተቀመጠችበት አልጋ ላይ አይቀመጥም፤ ጥላዋን አይረግጥም። ግቢ ሲገባ «እህህ!» ብሎ ይስላል፤ እሷም ሳሪዋን ፊቷ ላይ ትጥላለች። ሱናይናም ብትሆን ከደህና ቤት የመጣች ልጅ ናት፤ ወግ በማወቅ አትታማም።

ባታሲያ ቤት ስትኖር ቃላቸውን የምታመላልሰው እሷ ናት። ሳትኖር የምታመላልሰው ፍየሏ ናት።

«አንቺ ፍየል» ይላል ሶጋራት፣ በረንዳው ላይ ተቀምጦ መረብ እየጠገነ፣ «በዚህ ቤት ሻይ የሚባል ነገር ተረሳ እንዴ?»

«ፍየሊት» ትላለች ሱናይና ከማድቤት፣ «ወተቱ እየፈላ ነው በይልኝ።»

«ስኳር እንዳታበዛ ንገሪያት።»

«ትናንትም አላበዛሁም በይልኝ።»

ፍየሏ መካከል ቆማ ታመነዥካለች። አማትና ምራት በፍየል በኩል እንዲህ ተስማምተው ሲኖሩ አራተኛ ዓመታቸው ነው፤ ክፉ ቃል ወጥቷቸው አያውቅም።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ቢንዴሽዋር፣ ምርጫ የቀረበበት ሰው ስለ ነበር፣ ሕዝቡን ለማነቃቃት የንጹሕ ሽንት ቤት ውድድር አወጣ። ኮሚቴው ቤት ለቤት እየዞረ፣ አፍንጫውን በፎጣ ይዞ ሲያይ ዋለ። ባታሲያ ግቢ ሲደርስ ግን ሊቀ መንበሩ ፎጣውን አወረደ። ገባ። ቆየ። ሲወጣ ዓይኑ ፈጧል።

«አክስቴ ባታሲያ፣ እዚህ ውስጥ ምሳ ይበላል!» አለ። «መቀመጫው ከሱቅ እንደ ወጣ ነው። እንዴት ነው የምታጸዱት?»

«ሥነ ሥርዓት ነው ልጄ» አለች ባታሲያ ትከሻዋን ነቅነቅ አድርጋ። «ቤተሰቤን አስተምሬዋለሁ።»

ተሸለመች። ክዳን ያለው ትልቅ ሰማያዊ ባልዲና ሳሙና ሰጧት፤ ሊቀ መንበሩም ንግግር አደረገ። ከጓዱ ሴቶች መካከል ጎረቤቷ ጂባቺ፣ ምላሷ ከምላጭ የሰላ ሴት፣ ሽንት ቤቱን አጮልቃ አይታ አፏን አጣመመች።

«ለመሆኑ እናንተ ቤት ሰው አይበላም?»

«ቅናት ያቃጥላል ጂባቺ። ውኃ ጠጪበት።»

«የትኛውን ውኃ? ቀዩን?»

መርማሪዋ ልትመጣ ሳምንት ሲቀራት ክፉ ወሬ ተሰማ። የጓዱ ሴቶች በሸንኮራው እርሻ ዳር የማያጠራጥር ማስረጃ አገኙ። በማግስቱ ደግሞ ሌላ፣ በዚያኛው ጫፍ፣ ከማንጎዎቹ ሥር።

«ሁለት ናቸው» አለች ጂባቺ፣ እንደ ሐኪም ረጋ ብላ። «አንዱ የሸንኮራው፣ ሌላው የማንጎው። ድንበር የተካለሉ ይመስላሉ፤ አይገናኙም።»

በሾላው ሥር ስብሰባ ተጠራ። ባታሲያ ደሟ ፈልቷል።

«ይህ ሰው ቧንቧችንን እየጠጣብን ነው!» ብላ ጮኸች። «ስሙኝ! የማንም ቤት ሰው ይሁን፣ የፈለገው ጌታ ይሁን፣ ከያዝኩት፣ የቢጫ አበባ ጉንጉን አንገቱ ላይ አጥልቄ፣ ከበሮ አስመትቼ ሰፈሩን ነው የማዞረው! ሴት ብትሆንም አልምርም!»

ሕዝቡ አጨበጨበ። ሶጋራትም ከኋላ ተቀምጦ ነበር፤ እሱም አጨበጨበ፤ ግን ቀስ ብሎ።

በማግስቱ ንጋት ጓዱ ለሁለት ተከፈለ። ባታሲያ ወደ ሸንኮራው፣ ጂባቺ ወደ ማንጎው። ጉሙ ገና አልተገፈፈም። ባታሲያ አገዳው ውስጥ ተሸጉጣ ስትጠብቅ፣ አንድ ሰው ፊቱን በአንገት ልብሱ ተጀቡኖ፣ ጣሳውን ይዞ፣ እንደ ሽመላ እግሩን እያነሣ መጣ። ገና ጎንበስ ሲል ባትሪዋን አበራችበት፤ ፊሽካዋን ባላት ትንፋሽ ሁሉ ነፋችው።

«ተነሥ! ማነህ አንተ? ግለጥ ፊትህን!»

«ኧረ ተይ የዲፓን እናት» አለ ሰውዬው፣ በጣም በለሆሳስ። «ጆሮዬን አደነቆርሽው።»

ባታሲያ ፊሽካው ከአፏ ወደቀ። ልትናገር ስትል ከማንጎው በኩል ሌላ ፊሽካ ተነፋ፤ ከፊሽካው ቀጥሎ የጂባቺ ሳቅ። ጂባቺ አንዲት የተሸፋፈነች ሴት ክንድ ይዛ እየሳቀች፣ እየሳቀች፣ መቆም እያቃታት ብቅ አለች። ፊቷ ባይታይም አምባሮቿን ያየ ሁሉ አውቋታል፤ ቀይና አረንጓዴ፣ ዲፓን ከማሌዥያ የላካቸው። ሱናይና ናት።

ሶጋራት ምራቱን ባየ ጊዜ፣ በዚህ ሁኔታ በእሷ ዓይን ፊት መቆም ነውር ነውና፣ ዘወር የሚልበት ቢያጣ ከነጣሳው የመስኖው ቦይ ውስጥ ዘሎ ገባ። ሱናይናም የባሏን አባት ባየች ጊዜ፣ ቀና ብላ መቆም ነውር ነውና፣ ባለችበት ጭቃው ላይ ቁጢጥ ብላ ሁለንተናዋን ሸፈነች። አንዱ ስለ አክብሮት ውኃ ውስጥ፣ አንዷ ስለ አክብሮት ጭቃ ላይ። ባታሲያ በመካከላቸው ባትሪዋን ይዛ ቀረች።

«የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች አሉ!» አለች ጂባቺ እንባዋን እየጠረገች። «ለካስ ቤታችሁ የነጻው ወዶ አይደለም! ማን ገብቶ ያቆሽሸው!»

ቤት ሲገቡ ባታሲያ ሁለቱን ለፍርድ አቀረበች፤ ሶጋራትን በረንዳው ላይ፣ ሱናይናን ከማድቤቱ በር ኋላ።

«ይናገሩ!» አለችው። «በገዛ እጅዎ ቆፍረው የሠሩትን ቤት ትተው ሸንኮራ ውስጥ ምን ይሠራሉ?»

«አንቺ ሴት፣ ልቡና የለሽም?» አለ ሶጋራት፣ ልብሱ ገና ውኃ ያንጠባጥባል። «ልጅቷ የምትቀመጥበት ቦታ እኔ እንዴት እቀመጣለሁ? አልጋዋ ላይ የማልቀመጥ ሰው፣ እዚያ... እዚያ ላይ? አባቴ ከመቃብር ተነሥቶ ይረግመኛል። ለእሷ ትቼላት ነው።»

«እሷም አልገባችበትም እኮ!»

ከማድቤት ቀጭን ድምፅ መጣ። «እማ፣ አባባ የሚገቡበት መስሎኝ ነው። አባባ የሚገቡበት ቤት ምራት ትገባለች? እናቴ ብትሰማ ምን ትለኛለች?»

ባታሲያ ደረጃው ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ሽልማቱ፣ ባልዲው፣ የሊቀ መንበሩ ንግግር፣ «ቤተሰቤን አስተምሬዋለሁ» ያለችው፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጣባት። ያንን ቤት ከተሠራ ጀምሮ የተጠቀመችበት እሷ ብቻ ናት። ራሷን አሸንፋ ራሷ ተሸልማለች።

ቃል ግን ቃል ነው። ሁለት የአበባ ጉንጉን ተዘጋጅቶ ነበር። ሽማግሌ ባሏን ልታዞር ነው? የሰው ልጅ፣ ፊቷን ገልጣ የማታውቅ ምራት ልታዞር ነው? ሁለቱንም ጉንጉን አንሥታ የራሷ አንገት ላይ አጠለቀች። ከበሮ መቺውን ጠርታ፣ «ምታ!» አለችው፤ ፊሽካዋን እየነፋች ሰፈሩን ዞረች። መጀመሪያ ሰው ሁሉ ሳቀ። ጂባቺ ግን ጥቂት ስቃ ስታበቃ ፊቷ ተለወጠ፤ መጥታ ከጎኗ ገባች።

«አንዱን አምጪ» አለቻት። «ሁለት ጉንጉን በዚህ ሙቀት ይከብዳል።»

ሊቀ መንበር ቢንዴሽዋር ወሬውን ሲሰማ እየሮጠ መጣ።

«አክስቴ፣ መላ አለኝ» አለ። «መርማሪዋ ሐሙስ ነው የምትመጣው። ጋሽ ሶጋራትን ድንበር ማዶ እህታቸው ዘንድ እንላካቸው። አርብ ይመለሳሉ።»

«እንደ ተሰረቀ ፍየል ልደበቅ?» አለ ሶጋራት ከበረንዳው። «ደግሞስ ከአርብ በኋላ ወዴት ልሄድ ነው? በየሳምንቱ ድንበር ልሻገር?»

«እንግዲያው የጎረቤት ሽንት ቤት ይጠቀሙ።»

«የማን ጎረቤት? በዚህ ሰፈር ያሉ ጎልማሶች ሁሉ በዝምድና ልጆቼ ናቸው፤ ሚስቶቻቸው ሁሉ ምራቶቼ ናቸው። ያንተም ሚስት ምራቴ ናት! ምራት የሌለበት ቤት ካለ አሳየኝና ልግባ።»

ሊቀ መንበሩ አሰበ። አልነበረም።

ያን ዕለት ማታ ሩዙ ቀርቦ ሶጋራት ሲበላ ባታሲያ የሚጎርሰውን ታይ ጀመር። ቀዩን ሩዝ፣ በቀዩ ውኃ የተቀቀለውን።

«የእጅ ፓምፑን እጀታ እሷም ትይዘዋለች፣ እርስዎም ይይዙታል» አለችው። «እሱስ?»

«ውኃ ይታጠብበታል። ያልፋል።»

«ኩሬውስ? እሷ ከወዲህ ትታጠባለች፤ እርስዎ ከወዲያ ዓሣ ያወጣሉ።»

«ኩሬውማ ውኃ ነው!» አለ ሶጋራት፣ በሙያው ስለመጣችበት ቆጣ ብሎ። «ውኃ ዝምድና አያውቅም። በላዩ ውኃ ያለፈበት ነገር የማንም አይደለም፤ አዲስ ነው። አጥማጅ ሁሉ ያውቃል።»

ከዚያ ከማድቤቱ በር ኋላ የሱናይና ድምፅ መጣ፤ እጅግ በትሕትና።

«ፍየሊት፣ በዚያ በነጩ ነገር ላይስ ባልዲ ሙሉ ውኃ ቢፈስበት፣ አዲስ አይሆንም ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ።»

ሶጋራት ጉርሻውን ወደ አፉ ሲያደርስ ቆመ። ፍየሏን አያት። ፍየሏም አየችው።

«ይህች ፍየል» አለ በመጨረሻ፣ «ጠበቃ ሆናለች።»

እንዲህ ተብሎ ደንብ ወጣ። ከሁለቱ አንዱ ገብቶ ሲወጣ ባልዲ ሙሉ ውኃ ያፈስበታል። ሶጋራት ሲመጣ ይስላል፤ ውስጥ ሰው ከሌለ ይገባል። ሱናይና ውስጥ ካለች አምባሯን ታንሿሽዋለች፤ እሱም ሄዶ ግቢው ጥግ ካለው ማንጎ ዛፍ ኋላ ይቆማል፤ እሷ ትወጣለች። ባታሲያ ደንቡን ስታወጣ የጦር አዛዥ ትመስል ነበር። እስከ ረቡዕ ደንቡ ያለ እንከን ሠራ።

ረቡዕ ቀን ግን ሰፈር ውስጥ ሠርግ ነበር። በእነሱ አገር የሠርግ ምሳ እርጎና የተዳመጠ ሩዝ ነው፤ ሽማግሌዎቹ ደግሞ ማን ብዙ ይበላል ብለው ይወዳደራሉ። ሶጋራት የዓሣ ወቅት ሲያልፍ ሌላ የሚታወቅበት ነገር የለውም፤ ተወዳደረ። አሸነፈም። ሐሙስ ጠዋት ኩሬው ዳር መረቡን ሲዘረጋ እርጎው ሐሳቡን ነገረው። መረቡን ጥሎ ወደ ቤት መሮጥ ጀመረ።

መርማሪዋ ታራማያ ከሰዓት ትመጣለች ተብላ ስትጠበቅ፣ በዚያው ጠዋት በሞተር ብስክሌት ከጃናክፑር ደርሳ ነበር። ተራራ አገር ያደገች፣ መነጽር ያደረገች፣ ፈገግታ የማታበዛ ሴት ናት። ሊቀ መንበሩ ላብ በላብ ሆኖ መጀመሪያ የወሰዳት ወዴት ይመስላችኋል? ወደ ተሸላሚው ሽንት ቤት። ባታሲያ፣ ጂባቺና ግማሽ ሰፈር ከኋላ ተከትለዋል። በሩ ተዘግቶ ነበር።

«ሰው አለበት» አለች ባታሲያ ደስ ብሏት። «እንደምታዪው ይሠራል።»

ታራማያ ያለው ሰው እስኪወጣ ልትጠብቅ ቆመች። ያን ጊዜ ሶጋራት በግቢው በር ደረሰ። ሰዉን አየ። በሩን አየ። «እህህ!» አለ።

ከውስጥ አምባር ተንሿሿ።

ደንቡ ማንጎው ዛፍ ኋላ ሂድ ይላል። ማንጎው ዛፍ ድረስ መሄድ የሚችል ሰው ግን ሌላ ነው። ሶጋራት እግሩን አጣብቆ ቆመ። «እህህ! እህህ!»

አምባሩ ደግሞ ተንሿሿ፤ ይሂዱ እንጂ እንደ ማለት። ሱናይና በበኩሏ ከውጭ የባሏን አባት ሳል፣ የሊቀ መንበሩን ድምፅና የማታውቃትን ሴት ድምፅ ትሰማለች፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ከዚያ ቤት ከምትወጣ ቤቱ ቢፈርስባት ትመርጣለች።

«እህህህ!»

አምባሩም ቅጭል፣ ቅጭል።

«ሰውዬው ታመዋል እንዴ?» አለች ታራማያ መነጽሯን አስተካክላ። «እንዲህ ያለ ሳል የደረት ምርመራ ይፈልጋል።»

«የ... የማለዳ ብርድ ነው» አለ ሊቀ መንበሩ።

ሶጋራት ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። ቀስ ብሎ አንገቱን ወደ ሸንኮራው እርሻ አዞረ። ሸንኮራው ቅርብ ነው፤ ለምለም ነው፤ ማንንም አይጠይቅም። ሲያይ ሁሉም አየው። አንድ እርምጃ ወደዚያ አለ። የሊቀ መንበሩ ፊት አመድ መሰለ። የባታሲያ እጅ ወደ ፊሽካዋ ሄደ፤ ግን አልነፋችም። ምኑን ትንፋው? ባሏን አየችው ብቻ። ከዚህ ሰው ጋር ለብዙ ዓመት ኖራለች፤ አሁን ግን ምን እንደሚያደርግ አታውቅም።

ሶጋራት ቆመ። ወደ ሚስቱ አየ። ከዚያ ተመለሰና ወደ ተዘጋው በር ተጠጋ።

«ልጄ!» ብሎ ጮኸ። «ሱናይና! ኧረ በፈጠረሽ ውጪልኝ!»

ጂባቺ እንኳ አፏን ያዘች። ሰውዬው አራት ዓመት ሙሉ ስሟን ጠርቶ አያውቅም። ባታሲያ እንደውም ስሟን ማወቁንም ትጠራጠር ነበር።

ከውስጥ መጀመሪያ ባልዲ ተንኳኳ። ከዚያ፦

«አባዬ፣ ፊትዎን ያዙሩ እንጂ! እንዴት አድርጌ ልውጣ?»

«ዞሬያለሁ!»

«ሁሉም ይዙሩ!»

«ሁላችሁም ዙሩ!» አለ ሶጋራት፣ በሕይወቱ አውጥቶት በማያውቀው የትእዛዝ ድምፅ። ሰፈሩ ሁሉ ዞረ። ሊቀ መንበሩ ዞረ። ታራማያም፣ ነገሩ ባይገባትም፣ ዞረች። ከኋላቸው ውኃ ሲፈስ፣ በር ሲከፈት፣ ባዶ እግር ሲሮጥ ተሰማ።

«ባልዲውን አፍስሻለሁ አባዬ! ሌላም ሞልቼልዎታለሁ!»

«ተባረኪ!» አለ ሶጋራት፤ በሩም ከኋላው ተዘጋ።

ታራማያ ዞር ብላ ባታሲያን ጠየቀቻት። «ምንድን ነው የሆነው?» ባታሲያ ልታስረዳ ሞከረች፤ አልቻለችም፤ ሳቋ ፈነዳ፤ ሳቋ መጨረሻው ላይ ወደ ልቅሶ ሄደባት። ጂባቺ ተቀበለቻትና ሁሉንም ነገር፣ ቦዩን፣ ጭቃውን፣ ጉንጉኑን፣ ሳይቀንስ፣ ጥቂትም ጨምራ ተናገረች። ሊቀ መንበሩ ዓይኑን ጨፍኖ ሲጸልይ ቆየ።

ታራማያ ሰምታ ስትጨርስ፣ ፈገግ ላለማለት ከንፈሯን ነክሳ፣ ወደ ተዘጋው በር ጮክ ብላ ጠየቀች።

«አባቴ፣ ይህን ሽንት ቤት ይጠቀሙበታል?»

«እየተጠቀምኩ አይደል እንዴ ልጄ!» አለ ሶጋራት ከውስጥ። «ለዚህም ቆመሽ ትጠይቂኛለሽ?»

ቀበሌው ታወጀ። በዓሉ ሲከበር ሊቀ መንበሩ ረጅም ንግግር አደረገ፤ ማንም አልሰማውም። ቧንቧ የሚዘረጉት ሠራተኞችም ሌላ ቀጠሮ ሳይሰጡ በወሩ መጡ፤ ከመንገዱ ወደ ባታሲያ ግቢ ቦይ ቆፍረው፣ «ቧንቧውን የት እናቁምላችሁ?» ብለው ጠይቀው፣ ማታ መክረው ሲነጋ እንዲነግሯቸው አሳስበው ሄዱ።

ያን ማታ ባታሲያ ሩዟን አቅርባ ተቀመጠች።

«ከሽንት ቤቱ ጎን ነው የሚቆመው» አለ ሶጋራት። «ውኃ የሚያስፈልገው እዚያ ነው።»

«የለም አባዬ፣ ማድቤቱ በር ላይ ነው» አለች ሱናይና። ሳሪዋ ግንባሯ ላይ ነው፤ ወደ ታች አልወረደም። «እርስዎ በቀን አንዴ ነው የሚሄዱት። እኔ ስንቴ ነው ውኃ የምቀዳው?»

«እርጎ የበላሁ ቀንስ?»

«እንግዲያው እርጎ አይብሉ!»

«ሰማሽ የዲፓን እናት? ሰማሽ ምን እንደምትለኝ?»

ባታሲያ ሰምታለች። ግን ማንም ምንም እንድታደርስለት እየላካት አልነበረም። ሁለቱ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ስለ ቧንቧው ሲከራከሩ፣ እሷ ወደ ሰሃኗ አጎንብሳ፣ ምራቷ ከመጣች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሩዟን ሳይቀዘቅዝ በላች።